በ«ኤክስ» የሚዘጋ ደብተር፦ በቀላል የእኩልነት ዓረፍተ ነገሮች ስሕተትን ስለ መፈለግና ስለ ማረም የቀረበ ሒስ

በጎጃም ደጋ፣ በመርጡለ ማርያምና በዙሪያዋ፣ ስሕተትን ፈልጎ ማረም የማስተማር ዋነኛ ክፍል ሆኖ መኖሩ የቆየ ነገር ነው። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ግድም እንዳሠራችው የሚነገርለት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያለባት መርጡለ ማርያም፣ በቅኔ ጉባኤያቸው ከታወቁት ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም አትርቅም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። ቅኔ ማዘጋጀት «መቁጠር» መባሉን የሒሳብ መምህራን ልብ ቢሉት መልካም ነበር። መምህሩም ከሰማ በኋላ «አልሆነም» ብሎ ብቻ አያሰናብተውም። የተበላሸው ስንተኛው ቤት እንደ ሆነ፣ ጉድለቱም የግሥ ይሁን የአገባብ ወይም የልክ፣ ለይቶ ያመለክተዋል። ተማሪው ያንኑ ቤት አቅንቶ እንደ ገና ይነግራል። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት፣ ቤት በቤት እየታረመ ነው።

በዚሁ አገር፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ የሒሳብ ደብተር በብዛት የሚታረምበት መንገድ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የመምህሩ ዓይን በቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ይሄዳል። በዚያ ያለው ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር ከገጠመ «ራይት»፣ ካልገጠመ «ኤክስ» ይደረግበታል። ለማይታወቀው ቁጥር የሚሰጠው የተለመደ ስም «ኤክስ» መሆኑና የስሕተቱም ምልክት «ኤክስ» ተብሎ መጠራቱ አጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ለብዙው ተማሪ ሁለቱም ሳይታወቁ ይቀራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የማይታወቀው ቁጥር በ«ሀ» ተመልክቷል።)

ነገሩ እንደ ቀላል የአሠራር ጉድለት ሊታለፍ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ይህ የልዩ ልዩ ትምህርቶች ድምር ውጤት ስለ ሆነ ምክንያቱን ሁሉ በአልጀብራ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም የፊዚክስና የኬሚስትሪ ስሌት፣ ኋላም የኢኮኖሚክስ ቀመር፣ ሁሉም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚለመደውን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም አንድን እኩልነት ሳይሰብሩ ከመስመር ወደ መስመር ማውረድ ነው። በዚህ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርቱ ተቋርጦበት ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ ባዶ ወረቀት ሆኖ አይመጣም፤ በግማሽ የተያዘ ሕግ ይዞ ይመጣል። በግማሽ የተያዘ ሕግ ደግሞ ፈጽሞ ካልተያዘ ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

አንድ ምሳሌ ቀርቦ ይታይ። ጥያቄው በመጀመሪያው መስመር ያለው ነው፤ የቀረው የተማሪው ሥራ ነው።

3(ሀ − 4) = 2ሀ + 5
3ሀ − 4 = 2ሀ + 5
3ሀ − 2ሀ = 5 + 4
ሀ = 9

ትክክለኛው መልስ 17 ስለ ሆነ ደብተሩ ላይ «ኤክስ» ያርፋል። ተማሪው ግን ሦስት እርምጃ ተራምዶ የሳተው በአንዱ ብቻ ነው፤ ቅንፉን ሲፈታ 3ን በሀ አባዝቶ በ4 ሳያባዛ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ምልክቱ ግን የሳተውንም ያልሳተውንም አንድ ላይ ይሰርዛል። ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚሆነው መምህሩ ትክክለኛውን አሠራር በሰሌዳ ላይ መጻፉ፣ ተማሪውም መገልበጡ ነው። እንግዲህ በደብተሩ ውስጥ ሁለት አሠራሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በየት በኩል እንደሚለያዩ የሚያሳይ አንዳች ነገር የለም። ይህ እርማት ሊባል አይችልም፤ ግልባጭ ነው።

መልስን ማረጋገጥ በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነገር መሆኑ አይካድም። የተገኘው ቁጥር በመጀመሪያው መስመር በሀ ቦታ ይገባና ግራና ቀኝ ጎኖቹ ይነጻጸራሉ። ነገር ግን ይህ ማረጋገጫ በአብዛኛው እንደ ጌጥ መዝጊያ ስለሚታይ፣ ተማሪው ሳያሰላ «ግራ ጎን = ቀኝ ጎን» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ቢያሰላም እንኳ ማረጋገጫው የሚነግረው መልሱ መሳቱን እንጂ የሳተበትን ቦታ አይደለም። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ በክፍል ውስጥ ሲሠራበት እምብዛም አለመታየቱ የሚያስገርም ነው። የተሳሳተው መልስ ከታች ወደ ላይ በየመስመሩ ይገባል። በላይኛው ምሳሌ 9 በሦስተኛው መስመር ሲገባ ግራው 27 − 18፣ ቀኙም 5 + 4 ስለ ሆነ ሁለቱም 9 ናቸው። በሁለተኛው መስመር ግራው 27 − 4፣ ቀኙ 18 + 5፤ ሁለቱም 23 ናቸው። በመጀመሪያው መስመር ግን ግራው 3 × 5 = 15 ሲሆን ቀኙ 23 ነው። እንግዲህ ስብራቱ ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መካከል ነው። ይህን ለማወቅ ተማሪው መምህር አላስፈለገውም፤ የመልስ ቁልፍም አላስፈለገውም። ስሕተቱ ሁለት ቦታ ከሆነ ዘዴው መጀመሪያ የሚያገኘው የታችኛውን ነው፤ እሱ ከቀና በኋላ በአዲሱ መልስ እንደ ገና ወደ ላይ ይወጣል።

ዘዴው ወሰን አለው፤ ወሰኑን መምህራን አስቀድመው ቢያውቁት ይበጃል። 8 − (ሀ − 3) = 5 የሚለውን የሚሠራ ተማሪ ቅንፉን በተሳሳተ መንገድ ፈትቶ 8 − ሀ − 3 = 5 ቢል መልሱ 0 ይወጣለታል፤ ትክክለኛው ግን 6 ነው። ይኸው ተማሪ 0ን በመጀመሪያው መስመር አስገብቶ ሲያረጋግጥ ቅንፉን በዚያው በለመደው መንገድ ከፈታ 8 − 0 − 3 = 5 ያገኝና «ተረጋገጠ» ይላል። ስሕተቱ ለራሱ ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ በማረጋገጫ ጊዜ ቅንፍ አይፈታም፤ በቅንፍ ውስጥ ያለው አስቀድሞ ይሰላል። 0 − 3 የሚሰጠው −3 ነው፤ 8 − (−3) ደግሞ 11 ነው እንጂ 5 አይደለም። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ በመማሪያ መጻሕፍት ማረጋገጫ በሚሰጥበት ገጽ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ሌላም ወሰን አለ። 2ሀ = 4 የሚለውን እኩልነት 4 − 2 ብሎ የሠራ ተማሪ 2 ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ ማረጋገጫውም ይይዛል፤ መምህሩም «ራይት» ያደርግለታል። ልጁ ግን ማካፈልን በመቀነስ የለወጠ ነው። ይኸው ልጅ 3ሀ = 12 ሲቀርብለት 9 ቢል «ትናንት ገብቶት ነበር፤ ዛሬ ዘነጋው» ይባላል። ትናንትም አልገባውም ነበር። ጥፋቱ 2ሀ = 4ን ለመልመጃ የመረጠው ሰው ነው። ለመልመጃ የሚመረጡ ቁጥሮች ትክክለኛውን መንገድ ከተሳሳተው የሚለዩ መሆን ይገባቸዋል፤ ይህንንም አስቦ መምረጥ ለመጽሐፍ አዘጋጆች ብዙ ድካም የሚጠይቅ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው፣ ለስሕተቶቹ ብዛት ከሁሉ ይልቅ ተጠያቂ የሚመስለው፣ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው ደንብ ነው። አጭር ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ በፍጥነትም ያደርሳል፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ሀ + 5 = 12 ሲሆን 5 ወደ ቀኝ ተሻግሮ −5 ይሆናል፤ መልሱም 7 ነው። ነገር ግን −3ሀ = 12 የሚለው ሲመጣ ደንቡን በታማኝነት የያዘ ተማሪ −3ን አሻግሮ ምልክቱን ይቀይራል። አንዱ 12ን ለ3 አካፍሎ 4 ይላል፤ ሌላው 12 + 3 ብሎ 15 ይላል። መልሱ −4 መሆኑን ሁለቱም አያገኙትም። እዚህ ላይ ልጆቹን ደንብ ጣሱ ብሎ መውቀስ አይቻልም፤ የታዘዙትን ፈጽመዋል። መምህሩ «እዚህ ላይ አይቀየርም» ሲላቸው ሌላ ደንብ ይጨመርባቸዋል፤ ቅንፍ ሲመጣ ሌላ፣ ክፍልፋይ ሲመጣ ደግሞ ሌላ። እንዲህ እየተደራረበ ሒሳብ የማይታወቅ ሹም የትእዛዝ ዝርዝር ይመስላቸዋል።

እውነቱ ግን ምንም የሚሻገር ነገር የለም። በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ሥራ ተሠርቶ እኩልነቱ ተጠብቋል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ለዚህ ጥበብ ስም ያወጣው መጽሐፍ በርእሱ የያዘው «አል ጀብር» የሚለው ቃል፣ የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። በስፔን አገር ከዚሁ ቃል የወጣ ስም ለወጌሻ ይሰጥ እንደ ነበር ይታወቃል። ወጌሻ አጥንት ከመሳቡ በፊት በጣቱ እየዳሰሰ የተሰበረበትን ቦታ ይለያል። ሳይዳስስ የሚስብ ወጌሻ ቢኖር ማንም ልጁን አይሰጠውም።

ሁለቱን ጎኖች በሚዛን መስሎ ማስተማር ከ«ማሻገር» እጅግ የተሻለ ነው። በገበያ ሚዛን በአንድ ወገን ሁለት እኩል ከረጢት ጤፍና የ5 ኪሎ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን የ17 ኪሎ ድንጋይ ቢቀመጥ፣ ከሁለቱም ወገን 5 ኪሎ ሲነሣ ሚዛኑ እንደማይዛባ የማይረዳ የገበሬ ልጅ የለም። ሆኖም ሚዛን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አይመዝንም፤ −3ሀ የሚለውን በሚዛን ለማሳየት የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። ምሳሌው በር እስኪከፍት ያገለግላል፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ራሱ ይቆማል።

የእኩልነት ምልክት ራሱ ምን እንደ ሆነ ተማሪው ካልተረዳ ግን ሚዛኑም አይረዳውም። ሮበርት ሬኮርድ የተባለው የዌልስ ሊቅ በ1557 እ.ኤ.አ. ምልክቱን ሲያወጣ ሁለት እኩልና ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ ይልቅ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። ልጆቻችን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ «3 ሲደመር 4 ስንት ይመጣል?» እየተባሉ ስለሚያድጉ ምልክቱን «ይመጣል» ብለው ያነቡታል። ስለዚህ 2ሀ + 5 = 17 ሲሰጣቸው እንዲህ ይጽፋሉ፦

2ሀ + 5 = 17 = 17 − 5 = 12 ÷ 2 = 6

መልሱ 6 ትክክል ስለ ሆነ «ራይት» ያገኛል። የተጻፈው ግን 17 ከ12 ጋር፣ ከዚያም ከ6 ጋር እኩል ነው የሚል ነው። መማሪያ መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ «የእኩልነት ዓረፍተ ነገር» ብሎ መሰየሙ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ዓረፍተ ነገር ከሆነ እውነት ወይም ሐሰት ይባልበታል እንጂ ወደ መልስ የሚወስድ ቀስት አይደለም። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 145 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች 8 + 4 = □ + 5 በሚለው ባዶ ቦታ የሚገባውን ቁጥር ተጠይቀው፣ ሁሉም 12 ወይም 17 አሉ እንጂ 7 ያለ አልተገኘም። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን «ስንት ይመጣል?» የሚለውን አልፎ አልፎ «ከስንት ጋር እኩል ነው?» በሚለው ቢለውጡ፣ 7 = 3 + 4 የሚለውንም በዚህ አቅጣጫ ቢጽፉ፣ የ7ኛ ክፍል መምህር ከፊል ሸክሙ ይቀልለታል።

የመጨረሻውን መልስ ብቻ ማየት ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ የበለጠ ያሳየው ስታንሊ ኤርልዋንገር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ነው። እዚያው አሜሪካ ተማሪዎች በየራሳቸው ፍጥነት እየሠሩ መልሳቸው በቁልፍ ብቻ በሚታረምበት ፕሮግራም ውስጥ ቤኒ ተብሎ የተጠራ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። በመምህሩ ዘንድ ከጎበዞቹ ይቆጠር ነበር። አጥኚው ተቀምጦ ሲያነጋግረው ግን ልጁ አምስት ዐሥረኛን በአስርዮሽ 1.5 ብሎ ይጽፍ ነበር፤ 5ን እና 10ን ደምሮ 15 አግኝቶ ነጥብ አገባበት። ለልጁ ሒሳብ ማለት ቁልፉ የያዘውን መልስ ማደን ሆኖ ነበር። ፕሮግራሙ ይህን ሳያውቅለት ከክፍል ወደ ክፍል አሳለፈው። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የፕላዝማ ትምህርት ከሌላው ጥቅሙ ጋር ይህን የመሰለ ጉድለት ነበረበት፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ሰጥቶ በተወሰነ ደቂቃ መልሱን ይናገራል፤ ተማሪው በየትኛው መስመር እንደ ወደቀ የሚጠይቅበት ፋታ አልነበረውም።

መምህራን ለዚህ ሁሉ የሚያቀርቡት መከራከሪያ የጊዜ ጥበት ነው፤ ተገቢም ነው። 50 ተማሪዎች ያሉባቸው አራት ክፍሎች የያዘ መምህር 200 ደብተር አለበት። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት ይፈጃል። ስለሆነም መስመር በመስመር ማረም የመምህሩ ብቻ ሥራ ሆኖ ከታሰበ ከንቱ ምክር ነው። ነገር ግን ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ዘዴ ለተማሪው የተሰጠ መሣሪያ ነው። መምህሩ «ኤክስ» በማድረግ ፈንታ «ስብራቱ የት ነው?» ብሎ ደብተሩን መልሶ፣ ተማሪው የሰበረውን መስመር በክብ ምልክት ከብቦ እንዲያመጣ ቢያደርግ፣ የሚያየው ክቡን ብቻ ነው። ለ10 ደብተር ያህል እንዲህ ካደረገም ክቦቹ የት እንደ ተከማቹ ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ስሕተት መዘንጋት ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ጥያቄ በዚያው ቦታ የተደገመ ግን የተያዘ ሕግ ነውና፣ እንደ ገና ሊማሩት እንጂ በ«ተጠንቀቅ» ሊያልፉት አይገባም።

ሌሎች ደግሞ የተሳሳተ አሠራር በሰሌዳ ላይ መጻፍ ስሕተትን ማስተማር ነው ይላሉ። ስሕተት መሆኑ ሳይነገር ቢጻፍ አባባላቸው ልክ በሆነ ነበር። ነገር ግን ተማሪው ያንን ስሕተት ከሰሌዳ አልተማረውም፤ ይዞት መጥቷል። «ከዚህ በታች ያለው መልስ 9 ስሕተት ነው፤ የሳተበትን መስመር ፈልግ፣ ምክንያቱንም ጻፍ» የሚል መልመጃ ከዐሥር ተመሳሳይ «ፍታ» ከሚሉ ጥያቄዎች የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። የሚጻፈው ስሕተት የማንም ተማሪ ስም ሳይጠራበት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ በክፍል ፊት መዋረድን የፈራ ልጅ ስሕተቱን ይደብቃል እንጂ አይፈልግም።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚቀረው ጉዳይ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ይመለከታል። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ መስመሮቹን አያይም እየተባለ ይወቀሳል። ወቀሳው ግማሽ እውነት ነው። 3(ሀ − 4) = 2ሀ + 5 የሚለው ጥያቄ 17፣ 9፣ −7 እና 3.4 በሚሉ ምርጫዎች ቢቀርብ፣ 9ን የመረጠው ቅንፉን ያልፈታ ነው፤ −7ን የመረጠው −12ን ምልክቱን ሳይቀይር በቀኝ ያስቀመጠ ነው፤ 3.4ን የመረጠው 2ሀን ከ3ሀ በመቀነስ ፈንታ የደመረ ነው። በጥንቃቄ የተመረጡ የተሳሳቱ ምርጫዎች እንግዲህ መስመሩን ይናገራሉ። የፈተና ወረቀቱ በሚታረምበት ጊዜ ስንት ተማሪ የትኛውን ፊደል እንደ መረጠ ይመዘገባል፤ ለትምህርት ቤቶች የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ውጤቱ ብቻ ነው። ከአንድ ወረዳ ስንት ተማሪ 9ን፣ ስንት ተማሪ −7ን እንደ መረጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በመስከረም ለየትምህርት ቤቱ ቢላክ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራን የዓመቱን ትምህርት ከቅንፍ ይጀምሩት ወይም ከምልክት ለመወሰን የሚያስችላቸው ማስረጃ በእጃቸው ይሆናል።